በዘራችሁ አለ ወይ?

የካቲት 5 ቀን 2017፣ ቢቸና

ልጄ ወይንእሸት ከሞጣ ደወለች። ፀንሳለች፤ ስምንት ሳምንት ሆኗታል። ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ ሁለቱ ሳይጸኑ ወርደውባታል። ለዚህ ነው መሰለኝ የምሥራች የምትነግር ሳይሆን የሰው እንስራ ተሸክማ የምትሄድ የምትመስለው። ቃል ስታወጣ እንኳ ትጠነቀቃለች።

ሐኪሙ ብዙ ነገር ጠይቋታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን፦ በእናትሽ ወይም በአባትሽ ወገን፣ ከተወለደ ጀምሮ ሰውነቱ የላላ፣ ፊቱ ለየት ያለ፣ አእምሮው የሚዘገይ ልጅ ነበረ ወይ?

«ነበረ እንዴ እማዬ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ሳላስብ ነው ያልኩት። አይ፣ አስቤ ነው። እሷ ከጠየቀችኝ እኔ እስክመልስላት ድረስ አንድ ባጃጅ ከታች መጥቶ በደጄ አልፏል።

የካቲት 6

የትምህርት ቤቱን የመጻሕፍት ክፍል አጠብኩ። ወገቤ አለቀ። «ቆይ ላስታውስ» ብላት ምን ነበረበት?

የካቲት 9

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ሰው አልመጣብኝም።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ባሌ የኔሰው ያረፈ ጊዜ ነው፤ ሦስት ዓመት አለፈው። ፊደል የቆጠርኩት ግን ከወይንእሸት ደብተር ነው። እሷ አንደኛ ክፍል ገብታ ሀ ሁ ስትጽፍ እኔ ከበላይዋ ቆሜ አብሬ እከተል ነበር። ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወለል እያጠብኩ የማነበው ከመምህራኑ አያንስም። ከዚያ በፊት ግን ምንም አላውቅም ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። የማያውቅ ሰው ይቅር ይባላል ለማለት ይሆናል።

ዛሬ እንደገና ደውላ የሐኪሙን ነገር በደንብ አስረዳችኝ። ምርመራ አለ። ወደ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ የፅንሱን ማጅራት በአልትራሳውንድ ይለካሉ። የእናቲቱን ደም ወስደው ወደ ውጭ አገር ይልካሉ። እርግጡን ለማወቅ ከተፈለገ ደግሞ ፅንሱ ካለበት ውኃ በመርፌ ትንሽ ይቀዳል። መርፌው አልፎ አልፎ ራሱ ያስወርዳል። ይህ ሁሉ ሞጣ የለም፤ አዲስ አበባ ነው።

ሐኪሙ እንዲህ አላት፦ ሁለት ወርዶብሻል። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጅ ከነበረ ነገሩ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ በሚመስል ሰው በኩል ይተላለፋል፤ ያን ጊዜ ተመርመሪ እልሻለሁ። ከሌለ ግን ፅንስ የሚወርድበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ምርጫው የናንተ ነው።

«በእኛ ቤት የለምና ልንተወው ነው» አለች። «ስጦታውም ሁለት በወረደበት ሆድ መርፌ ለምን እንጨምራለን ይላል።»

ስጦታው ባሏ ነው፤ መምህር ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። የሚይዙት ቃል ግን የኔን ነው።

የካቲት 11

ጎረቤቴ ፈንታነሽ ከቧንቧው ወረፋ ላይ አስቃን ዋለች። ዘንድሮ ሐኪሞቹ ሳይወለድ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከርሞ ደግሞ ሳይጋቡ ልጃቸውን ያሳዩዋቸዋል አለች። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ያንቺዋ ልጅ ግን ፎቶም አያሻትም፣ ሞተር ላይ ተፈናጣ ስትዘል ኖራ ማህፀኗ የት ይቀመጥ አለች።

ወይንእሸት የግብርና ባለሙያ ነበረች። ከቀበሌ ቀበሌ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ትዞር ነበር። ሁለተኛው ሲወርድ ሥራውን ተወች።

የሞተሩን ነገር ለፈንታነሽ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያስወረደሽ ሞተሩ ነው ብዬ ለወይንእሸትም የነገርኳት እኔ ነኝ።

የካቲት 15

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ስርጉት የምትባል ልጅ ገብታለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ያ ፊት አላት። እናቷ በጠራራ ፀሐይ እጇን ይዛ በዋናው በር ታስገባታለች፤ ለሁሉም ሰላምታ ትሰጣለች። ልጅቱ ግን የዋህ ብቻ አይደለችም። ትቆነጥጣለች፣ የሰው ምሳ ትበላለች፣ ሲቆጧት ምላሷን ታወጣለች። መጥረጊያዬን ቀምታኝ ስትጠርግ ቆየች፤ አቧራውን ሁሉ ወደ ጠረግሁት መለሰችው።

እሷ ስትመጣ ወደ መጻሕፍቱ ክፍል እገባለሁ። ሥራ ስላለኝ ነው።

የስምንተኛ ክፍልን የሳይንስ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ስለ ባቄላና ስለ አተር አበባ ይላል። ስለ ሰው የሚለው ግማሽ ገጽ ነው።

የካቲት 17

ጾም ገባ። የንስሐ አባቴ አባ ፍቅረ ሥላሴ የንስሐ ልጆቻቸውን ለመጎብኘት ሲዞሩ እኔም ቤት ገቡ። ሠላሳ ዓመት ያውቁኛል። አንዲት ሴት ጠይቃኝ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ እግዚአብሔር በሆድ የሸፈነውን መግለጥ ኃጢአት ይሆን ወይ ትላለች አልኳቸው።

ማወቁ ኃጢአት አይደለም፣ የሚያስጠይቀው አውቆ የሚደረገው ነው አሉ። ከዚያ፣ «ሴትዮዋ ራሷ ትምጣና ታናግረኝ» አሉ።

«እግሯን ያማታል» አልኳቸው።

እግሬን አዩት። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

የካቲት 26፣ ሞጣ

ልነግራት መጣሁ። በደብረ ወርቅ በኩል መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳስተካክል መጣሁ። አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗታል።

በግራ ጎኗ ተኝታ ነው የምትውለው። አትጠርግም፣ ውኃ አታነሳም፣ ሲያስነጥሳት ሆዷን ትይዛለች። ጎረቤት መጥታ ስትጫወት እንኳ አትስቅም፤ ሳቅ ያናውጣል ብላ። እግሯን ሳሻት፣ «ያን ሞተር ባልነዳ ሁለቱም ይኖሩ ነበር» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ያለፈው አልፏል አልኳት።

ማታ ራት ላይ ስጦታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ በአባቷ ወገንስ የሰሙት ነገር የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። በየኔሰውም ወገን የለም አልኩት። ለሟችም መሰከርኩለት።

ከተኛሁ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። አንድ ነገር የያዙ ይመስላሉ አላት። እሷ እንዲህ መለሰችለት፦ «እናቴ? እናቴ ቢኖር ኖሮ ከሐኪሙ ቀድማ ትነግረኝ ነበር።»

የካቲት 27

ተመለስኩ። አልነገርኳትም። እንደዚያ እያመነችኝ እንዴት ብዬ።

መጋቢት 4

ስልክ ከጠፋ አምስት ቀን ሆነ። መንገዱም ተዘግቷል፤ ከመናኸሪያው መኪና አይወጣም። ከላይ በኩል የተኩስ ድምፅ ይሰማል። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አሰናብቷል።

አሥራ ሁለተኛ ሳምንቷ ገብቷል። በዚህ ሳምንት ነበር የሚለካው። ዛሬ ልነግራት ቆርጬ ነበር። እንግዲህ በኔ እጅ አይደለም።

ይህን ስጽፍ ደረቴን ቀለል እንዳለኝ ታወቀኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

መጋቢት 11

እስካሁን ስልክ የለም። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። እንግዲህ ልጻፈው፤ ጽፌ ካየሁት ለመናገር ይቀለኝ ይሆናል።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ከወይንእሸት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ ስትሰጠኝ አንገቷ እንደ ተነከረ ጨርቅ ወደቀ። ዐይኗ፣ ምላሷ፣ የእጇ መዳፍ ሁሉ ለየት ያለ ነበር። ጡት ስትጠባ ከንፈሯ ይጠቁራል። የአራስ ጥየቃ ለመጣው ሰው ሁሉ ዐይን ይገባታል እያልኩ ነጠላዬን ከፊቷ አላነሳሁም። ወይንእሸት ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አክስቷ ጋ ላክኋት።

የኔሰው ትርሲት ይላት ነበር። እኔ ሕፃኗ ነበር የምላት።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሰማንያው ሲደርስ ታምሜአለሁ ብዬ ወደ አባ ፍቅረ ሥላሴ ላክሁ፤ ቀኑ ወደሚቀጥለው ወር ተላለፈ። አልታመምኩም። በዚያ ቀን ሕፃን ይገለጣል፤ ካህኑም ክርስትና እናቷም የተሰበሰበውም ያያል። እኔ ነኝ እንዳትታይ ያደረግኋት።

በዘጠና አንደኛው ቀን ከንፈሯ ጠቆረና አልመለስ አለ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ቅዳሜ ነበር። የኔሰው ጋቢውን ለብሶ ቆመ፤ ሕፃን ለሞት ካሰጋ ቀን ሳይጠበቅ ይጠመቃልና አሁኑኑ እንውሰዳት አለኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በገበያው መሃል ነው። የእህሉ ሰው፣ የከብቱ ሰው፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እዚያ ነው።

«ገበያው ይበተን» አልኩት።

ሰው ያያታል አላልኩም። ፀሐዩ ይከብዳታል ነው ያልኩት። እሱም ጋቢውን እንደለበሰ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደሰማኝ ዕድሜውን ሙሉ ጠየቅሁት፣ በልቤ። አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላነሣውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተች። ገበያው አልተበተነም ነበር።

ያለ ክርስትና የሞተ ፍትሐት የለውም። የኔሰውና ወንድሙ ከቅጥሩ ውጭ ቀበሯት። ሰው ሲጠይቅ የሳንባ ምች ነው አልኩ። ወይንእሸት ከአክስቷ ስትመለስ እህት እንደነበራት ማንም አላነሣባትም። ብትጠመቅ ትድን ነበር አልልም። ሐኪም ቤትም አልወሰድኳትም። ሐኪም ቤቱም ያለው ከገበያው ወዲያ ነው።

መጋቢት 16

ስልክ መጣ። አልደወልኩም፤ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም።

እሷ ደወለች። የሚለካበት ሳምንት አለፈ፣ መንገዱም ስለተዘጋ መሄድ አይቻልም ነበር፣ ይኸው እግዚአብሔር ወሰነልን አለች። ደስ ያላት ትመስላለች። እኔም ተመስገን አልኩ። ተመስገን አልኩ!

መጋቢት 20፣ ሞጣ

መንገድ በተከፈተ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መጣሁ። ሦስት ቦታ አስወርደው ፈተሹን። አንዱ ወታደር ይህን ደብተር ገልጦ ትንሽ አነበበና ዐይኑን አንሥቶ አየኝ፤ መለሰልኝ። ከኔ ሌላ ይህን ያነበበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ልጄ ሁለተኛ ልትሆን መሆኗ አስደነገጠኝ። ያ ነው መሰለኝ የቀረውን መንገድ የገፋኝ።

ስጦታው ትምህርት ቤት ነበር። እሷ አልጋው ላይ ተደግፋ ሽንኩርት ትልጣለች። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ሐኪሙ የጠየቀሽ፣ አለ፣ ነበረች አልኳት።

«ማን ናት የነበረችው?»

«እህትሽ።»

ቢላዋውን አላቆመችም። ሁሉንም ነገርኳት። ጥየቃውን፣ ነጠላውን፣ ሰማንያውን ቀን፣ ቅዳሜውን። ሽንኩርቱ አልቆ ባዶ ልጣጩን ትከታትፍ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን በሷ ፊት ማልቀስ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

«ሞተሩ አልነበረማ» አለች።

ወለሉ ላይ የወደቀውን ልጣጭ ለቀምኩ።

«ሁለተኛው የወረደ ጊዜ ጠበል ወሰድሽኝ። ሰባት ቀን በብርዱ አብረሽኝ ቆመሻል። ምን ብለሽ ነበር የምትጸልዪው?»

«እንዲምር» አልኳት።

«ማንን? እኔን ነው አንቺን?»

አንድ ነገር ማለት ስላለብኝ፣ ምርመራው ያንን ካሳየ ልጁን ታስወጪዋለሽ ብዬ ፈራሁ አልኳት። ይህም እውነት ነው፤ ግን ከእውነቱ ትንሿ ቁራሽ ናት። እሷም አወቀችብኝ።

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ የወሰንሽው ይበቃል።»

ከዚያ ከአልጋዋ ተነሣች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልያዘችውን መጥረጊያ አንሥታ ወለሉን መጥረግ ጀመረች፤ በኃይል፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ያለሁበት ስትደርስ እግሬን አነሣሁላት።

መጋቢት 24፣ ቢቸና

ስጦታው ደወለ። ሐኪሙን አግኝተውታል። ቀደም ብሎ የሚታየው አልፏል፤ አሁን እርግጡን የሚነግራቸው መርፌው ነው። አሥራ ስድስት ሳምንት ሲሞላት አዲስ አበባ ይገባሉ። ሐኪሙ፣ ይህን በየካቲት ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮ የምታስቡበት ጊዜ ሰፊ ነበር ብሏቸዋል።

ስጦታው እንደ ወትሮው እርስዎ እያለ፣ ጤናዬን እየጠየቀ ነው የነገረኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ወይንእሸት አጠገቡ እንደነበረች ታውቆኛል፤ ትንፋሿን አውቀዋለሁ።

መጋቢት 28

አባ ፍቅረ ሥላሴን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ እኔ ነኝ አልኳቸው። አውቄአለሁ አሉ። የቀረውን ግን አላወቁም ነበር። ቅዳሜ ላይ ስደርስ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ያን ቅዳሜ ቤቴ ነበርኩ» አሉ። «ብትልኪብኝ እኔው እመጣ ነበር።»

እንዲህ ያለ ነገር ለሃያ ስድስት ዓመት አላሰብኩም። ልጅቱ በገበያው ማለፍ አልነበረባትም። ካህኑ መምጣት ይችሉ ነበር። ከእሳቸው በቀር ማንም አያያትም ነበር።

ቀኖና ሰጡኝ። የሰጡኝን አልጽፍም። አነሰብኝ።

ሚያዝያ 2

የሞጣው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በቢቸና ያልፋል። ስጦታው ሰዓቱን ነግሮኝ ነበር፤ እሷ ሳታውቅ ይመስለኛል። ከንጋት ጀምሬ መናኸሪያው ውስጥ ቆምኩ። የጾም ስንቅ ይዣለሁ፤ ዳቦና የተቆላ ሽምብራ።

መኪናው ሰው ለማውረድ ቆመ። ስጦታው ወርዶ ጉልበቴን ሊስም ዝቅ አለ፤ ስንቁን ተቀበለኝ። እሷ በመስኮት በኩል ነበረች። መስታወቱ ግማሽ ክፍት ነው። ብጠጋ እደርስባት ነበር፤ አልተጠጋሁም። እሷም አልዘጋችውም።

«ብርድ እንዳይመታሽ» አልኳት፣ ካለሁበት።

«ከዓባይ በረሃ ምን ብርድ አለ» አለች። ወደ ፊት እያየች ነው ያለችው። የኔሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር።

መኪናው ወደ ደጀን ሲታጠፍ ጭንቅላቷን ከመቀመጫው በላይ አየሁት። አልዞረችም።

ሚያዝያ 4

ስጦታው አጭር መልእክት ላከ። መርፌውን ተወጋች። ደም የለም፣ ሕመም የለም። ሦስት ቀን ትተኛለች። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ሚያዝያ 7

ሕማማት። ስግደት። ጉልበቴ። አልወረደም፤ ዛሬም አልወረደም። ስጦታው በየቀኑ ሁለት ቃል ይልክልኛል፤ «ደህና ናት»። ፊደል መቁጠሬ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ በጀኝ።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ፈንታነሽ ዶሮ ወጥ በሳህን ላከችልኝ። ለወይንእሸት ደወልኩ፤ አላነሣችም። ብዙ ሰው ይደውልላት ይሆናል።

ሚያዝያ 20

ስርጉት መጥረጊያዬን ልትቀማኝ መጣች። ሰጠኋት። እናቷ ከበሩ ሆና አየችኝና ሰላም አለችኝ። ሰላም አልኳት። ልጠይቃት የፈለግሁት ብዙ ነበር፦ ሲወለዱ ከንፈራቸው ይጠቁራል ወይ፣ መቼ ነው የሚቆሙት፣ አንቺስ እንዴት ቻልሽው። ልጅቱ ስንተኛ ክፍል ገባች አልኳት። አንደኛ አለች። አንደኛ መሆኗን አውቅ ነበር።

ሚያዝያ 26

ወይንእሸት ራሷ ደወለች። ከሞጣ ነው።

«ውጤቱ መጣ» አለች።

ተቀመጥኩ።

«አልነግርሽም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም፤ ስልኩ የተቆራረጠ መሰለኝ። ድገሚልኝ አልኳት።

«ውጤቱ መጥቷል፤ እኔና ስጦታው አይተነዋል፣ ሐኪሙም አስረድቶናል፣ የምናደርገውንም ወስነናል። አንቺ ግን አትጠይቂኝ። ስጦታውንም አትጠይቂው፤ እንደማይነግርሽ ቃል ገብቶልኛል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያላወቅሁትን ያህል ባይሆንም፣ አንቺም ትንሽ ሳታውቂ ቆዪ።»

ድምፏ ቁጣ አልነበረውም። ውስጡን ለመስማት ሞከርኩ፤ ደስታ ካለ፣ ልቅሶ ካለ። የሰማሁት ከኋላዋ የሚጮህ ዶሮ ብቻ ነው። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። ሳትዘጋው ትንሽ ቆየች፤ ምናልባት እኔ አንድ ነገር እንድናገር ጠብቃ ይሆናል። እኔ ደግሞ እሷን ጠበቅሁ።

ግንቦት 1

ደወለች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ስጦታው ፈተና እርማት አወራችኝ። ወደ ግብርና ቢሮ የመመለሻ ማመልከቻ አስገብታለች። ስለ ሌላው ምንም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዘጋች በኋላ ያለችውን ቃል በቃል በሌላ ገጽ ጻፍኩና የተደበቀ ነገር ካለ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀደድኩት።

ግንቦት 5

ከቧንቧው ወረፋ ላይ ነበርን። ፈንታነሽ ጀሪካኗን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። አዲስ አበባ ድረስ እንደሄዱ ከሰው ሰምታለች።

«ምን አሏት ሐኪሞቹ ታዲያ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

«እናቷ ሆነሽ፣ የውቤ!»

«አልነገረችኝም ፈንታነሽ። አላውቅም።»

ተያይተው ሳቁ። አንዷ፣ የውቤን ሆድ በመርፌም አይቀዱት አለች። ፈንታነሽ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ ተይ ግድ የለም፣ ካልፈለግሽ አትንገሪን አለችኝና ውኃዋን ልትቀዳ ሄደች።

ስንት ዓመት ሙሉ የሳንባ ምች ነው ብዬ አንድ ሰው አልተጠራጠረኝም። ዛሬ እውነቴን ተናገርኩ፤ የሚያምነኝ አጣሁ።